የአያትን የአናጢነት ሥራ በድሮ ዳይሬክተሪዎችና መዛግብት መከታተል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት መልሶች በአሜሪካና በብሪታንያ ለሠሩ እንጨት ሠሪዎች የሚያገለግሉ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳይሬክተሪ ምንድን ነው?

የግል አሳታሚዎች በየዓመቱ ወይም በየጥቂት ዓመቱ ያሳትሙት የነበረ፣ የከተማ ነዋሪዎችን ስም፣ ሥራና አድራሻ የያዘ መጽሐፍ ነው። በአሜሪካ ፊላደልፊያ በ1785፣ ኒውዮርክ በ1786፣ ቦስተን በ1789 የመጀመሪያዎቹን አወጡ። ለንደን በ1677 የነጋዴዎች ዝርዝር ታትሞባታል፤ ለአናጢ ፍለጋ የሚረዱት ግን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ያሉት ናቸው።

አንድ ትልቅ ዳይሬክተሪ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክፍል አለው፦ በስም ፊደል ተራ የተደረደረ፣ በሙያ ዓይነት የተመደበ፣ እና በመንገድና በቤት ቁጥር የተዘረዘረ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ይዘጋዋል። የመንገዱ ዝርዝር ግን ጎረቤቱ ማን እንደነበረ፣ የሙያው ዝርዝር ደግሞ በራሱ ስም ይነግድ እንደነበረ ይናገራል። ሦስቱንም ይመልከቱ።

ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

ከሚያውቁት የመጨረሻ ዓመት ይነሡና ወደኋላ ይሂዱ። የሞተበትን ዓመትና ከተማ ካወቁ በዚያ ዓመት ዳይሬክተሪ ይጀምሩ፤ ከዚያ አንድም እትም ሳይዘሉ ወደ ወጣትነቱ ይውረዱ። በአሥር ዓመት እየዘለሉ የሚፈልጉ ሰዎች ሌላ ተመሳሳይ ስም ያለውን ሰው ይዘው የሚሄዱት እዚህ ላይ ነው።

ለእያንዳንዱ እትም በሠንጠረዥ አንድ መስመር ይስጡ፦ የእትሙ ዓመት፣ ስሙ በመጽሐፉ እንደተጻፈ፣ ሙያው በመጽሐፉ እንደተጻፈ፣ የሥራ ቦታ፣ የመኖሪያ ቦታ፣ ገጽ። ያላገኙበትንም ዓመት ይመዝግቡ፤ ነገር ግን «መጽሐፉን አይቼ ስሙ የለም» እና «መጽሐፉን አላገኘሁትም» የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ለየብቻ ይጻፉ። ከስድስት ወር በኋላ ልዩነቱን በቃል አያስታውሱትም።

እነዚህን መጻሕፍት ያለ ክፍያ የት አገኛለሁ?

ፋሚሊሰርች የተባለው ድረ ገጽ በነጻ አካውንት ብዙ መዛግብት ይከፍታል። ኢንተርኔት አርካይቭ ሙሉ መጻሕፍት አሉት። የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከ1786 ጀምሮ ያሉትን የከተማዋን ዳይሬክተሪዎች በምስል አስቀምጧል፤ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የእንግሊዝንና የዌልስን አሰባስቧል። አንሴስትሪ የተባለው ድረ ገጽ ይከፈልበታል፤ ብዙ የአካባቢ ቤተ መጻሕፍት ግን ለአንባቢዎቻቸው በነጻ ይከፍቱታል።

የፍለጋ ሳጥኑን አይመኑት። ኮምፒውተር ያነበበው ጽሑፍ በደቃቅና በደበዘዘ ኅትመት ላይ በብዛት ይስታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ላይ በቃል መካከል ያለው ረጅሙ «ኤስ» ከ«ኤፍ» ጋር ስለሚመሳሰል «ፍሬዘር» የሚለው ስም መካከሉ ላይ በ«ኤስ» ተጽፎ ሲፈለግ ላይገኝ፣ በ«ኤፍ» ተጽፎ ሲፈለግ ሊገኝ ይችላል። መጽሐፉ በፊደል ተራ የተደረደረ ነውና ምስሉን ከፍቶ ገጹን በእጅ መግለጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከስሙ ጎን ያሉት አጫጭር ፊደላት ምን ማለት ናቸው?

«ኤች» መኖሪያ ቤት ነው። «ቢዲኤስ» በሰው ቤት በኪራይ ክፍል፣ ምግብ ጨምሮ የሚኖር ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያላገባ ወጣት ወይም አዲስ መጤ ነው። «ዊድ» ባሏ የሞተባት ሴት ስትሆን የባሏ ስም ተከትሎ ይመጣል። «ዱ» ከላይ ያለው ይደገም ማለት ነው። «ካርፕ» ካርፔንተር ነው።

አታላዩ «አር» ነው። በአንዱ አሳታሚ «ይኖራል»፣ በሌላው «በጓሮ በኩል»፣ በሦስተኛው «ክፍል ተከራይቷል» ማለት ሊሆን ይችላል። ለአናጢ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ብዙ ወርክሾፖች ከመኖሪያ ቤት ጀርባ በጓሮ ነበሩና። የአህጽሮቶቹ ፍቺ ከስም ዝርዝሩ መጀመሪያ በፊት ባለው ገጽ ላይ ይገኛል፤ በእያንዳንዱ እትም ያንን ገጽ ያንብቡ፣ አሳታሚው ሲቀየር ፍቺውም ይቀየራል።

አያቴ አንድ ዓመት ካርፔንተር፣ ሌላ ዓመት ጆይነር፣ ከዚያ ካቢኔት ሜከር ተብሏል። ሙያ ቀያይሮ ነው?

ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። በደንቡ ካርፔንተር የሕንፃውን ጣሪያ፣ ወለልና አጥንት የሚሠራ ነው፤ ጆይነር በር፣ መስኮት፣ ደረጃና የግድግዳ ልባስ ይገጥማል፤ ካቢኔት ሜከር ቁም ሣጥን፣ መሳቢያና ጠረጴዛ ይሠራል። ተርነር በቶርኖ ላይ እግርና ምሰሶ የሚያወጣ ነው። ኩፐር በርሜል፣ ዊልራይት የጋሪ መንኮራኩር ይሠራሉ። ፓተርን ሜከር ደግሞ ለብረት ማቅለጫ የሚሆን የእንጨት ሞዴል የሚቀርጽ ሲሆን የሚሠራው በፋብሪካ ነው፤ ቤት ሠሪ አድርገው እንዳያስቡት።

በትልልቅ ከተሞች ይህ ክፍፍል ይከበር ነበር፤ በትንሽ ከተማ ግን አንዱ ሰው ሁሉንም ይሠራል፣ ሬሳ ሣጥንም ጭምር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ካቢኔት ሜከር የቀብር አስፈጻሚም መሆኑ የተለመደ ስለነበር በዳይሬክተሪው «አንደርቴከር» በሚለው ሥር ይፈልጉት። በሙያ ክፍሉም «ፈርኒቸር»፣ «ሳሽ፣ ዶርስ ኤንድ ብላይንድስ»፣ «ስቴር ቢልደርስ» እና «ካርፔንተርስ ኤንድ ቢልደርስ» የሚሉት ርእሶች ሥር ሁሉ ይዩ።

የሙያ ስም መለወጥ የማዕረግ ለውጥም ሊሆን ይችላል። ታዋቂው የኒውዮርክ የቤት ዕቃ ሠሪ ዳንከን ፋይፍ በ1790ዎቹ መጀመሪያ በ«ኤፍ» በሚጀምር ስም ጆይነር ተብሎ ተመዝግቧል፤ በ1794 ደግሞ ስሙን በ«ፒ» እና «ኤች» መጻፍ ጀምሮ ካቢኔት ሜከር ሆኗል። ሁለቱ አጻጻፎች በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ገጽ ይራራቃሉ፤ በአንዱ ፊደል ብቻ የፈለገ ሰው የዚህን ሰው ጅማሮ አያገኘውም ነበር።

በ1868 እትም ላይ ካለ፣ በ1868 እዚያ ይኖር ነበር ማለት ነው?

መረጃ ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ይኖር ነበር ማለት ነው፤ ይህም ከኅትመቱ ብዙ ወራት ሊቀድም ይችላል። በዓመቱ መጀመሪያ የወጣ መጽሐፍ የሚያሳየው ያለፈውን ዓመት ነው። መግቢያው ላይ የተጻፈውን ቀን ያንብቡ።

ኒውዮርክ የራሷ ልማድ ነበራት፦ የቤት ኪራይ ውሎች በአንድነት ሜይ 1 ቀን ስለሚያልቁ ከተማው በዚያ ቀን ይዘዋወር ነበር። አሳታሚዎቹም ከዚያ በኋላ ቆጥረው ስለሚያትሙ እትሞቹ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ይጠራሉ፣ 1851–52 እንደሚለው። ስለዚህ በዚያ እትም ያለ አድራሻ ከሜይ 1851 እስከ ሜይ 1852 ላለው ጊዜ ይሠራል።

ለሦስት ዓመት ስሙ ጠፋ። ሞቷል?

መጥፋት ብቻውን የሞት ማስረጃ አይደለም። በመጀመሪያ ከስም ዝርዝሩ በፊት ወይም በኋላ ያለውን የጭማሪና የእርማት ገጽ ይዩ፤ ዘግይተው የደረሱ ስሞች እዚያ ይገባሉ። ቀጥሎ በሽርክና ድርጅት ስም ሥር ይፈልጉት። ከዚያ የአጎራባች ከተማ ዳይሬክተሪ ይመልከቱ፤ አናጢ ግንባታ ወዳለበት ይሄዳል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ ከ1861 እስከ 1865 ባሉት ዓመታት ከሆነ የጦር ሠራዊት መዝገብ ይፈትሹ።

ስለ አሜሪካና ብሪታንያ ልዩነት አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያ በኋላ ያሉት የአሜሪካ ዳይሬክተሪዎች ቅጥር ሠራተኛውንም ይመዘግባሉ። የብሪታንያዎቹ ይበልጥ ለነጋዴ የተዘጋጁ ስለሆኑ ለሌላ የሚሠራ ቅጥር አናጢ አብዛኛውን ጊዜ አይገባባቸውም። አንድ እንግሊዛዊ አናጢ በአንድ እትም ብቅ ሲል የራሱን ሥራ መክፈቱን፣ ሲጠፋ ወደ ቅጥር መመለሱን ሊያሳይ ይችላል። የሞተ ከሆነ ደግሞ በአሜሪካ እትሞች ላይ ሚስቱ በዚያው አድራሻ «ዊድ» ሆና ትመጣለች።

የራሱ ወርክሾፕ ነበረው ወይስ ለሰው ይሠራ ነበር?

ሁለት አድራሻ፣ ማለትም የሥራና የመኖሪያ፣ ካለው እና በሙያ ክፍሉም ከተገኘ ባለቤት የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። አንድ «ኤች» አድራሻ ብቻ ያለው ብዙውን ጊዜ ቅጥር ነው። ይህ ግምት እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ማረጋገጫው ያለው በሕዝብ ቆጠራ ውስጥ ነው።

በብሪታንያ የ1841 ቆጠራ ላይ ከሙያው ጎን «ጄ» ካለ ቅጥር ባለሙያ፣ «ኤፒ» ካለ ተለማማጅ ነው። ከ1851 ጀምሮ ሠራተኛ የሚቀጥሩ ዋና ባለሙያዎች ስንት ሰው እንዳላቸው እንዲናገሩ ይጠየቁ ነበር፤ «4 ሰዎችና 2 ልጆች የሚቀጥር ዋና አናጢ» የሚል መስመር ካገኙ የድርጅቱን መጠን አወቁ ማለት ነው። በአሜሪካ የ1910 ቆጠራ ቀጣሪ፣ ተቀጣሪ ወይም በራሱ የሚሠራ መሆኑን በአንድ ዓምድ ይለያል፤ «ኦ ኤ» የሚለው ምልክት በራሱ የሚሠራ ማለት ነው።

ከሁሉ የበለጠው ሀብት የአሜሪካ የኢንዱስትሪ ቆጠራ ቅጽ ነው፤ የ1850፣ የ1860፣ የ1870 እና የ1880። በዓመት 500 ዶላርና ከዚያ በላይ ዋጋ ያለው ምርት ያወጣ ወርክሾፕ ሁሉ ይመዘገብበት ነበር። ካፒታሉን፣ የገዛውን የእንጨት ዓይነትና መጠን፣ በእጅ፣ በውኃ ወይም በእንፋሎት ኃይል መሥራቱን፣ የሠራተኞቹን ብዛት፣ ደመወዛቸውንና የምርቱን ዋጋ ይዟል። ለምሳሌ በኖርዝ ካሮላይና ሚልተን ይሠራ የነበረው ነጻ ጥቁር የቤት ዕቃ ሠሪ ቶማስ ደይ በግዛቱ ከነበሩት ትልልቆቹ መካከል እንደነበረ የሚታወቀው ከ1850ው ቅጽ ነው። አያትዎ በቀን ሥራ ብቻ የሚኖር ከነበረ ግን ከዚህ ቅጽ አይጠብቁ።

የሕዝብ ቆጠራው ስለ ሥራው ሌላ ምን ይነግረኛል? የ1890ውንስ ለምን አላገኘሁትም?

በአሜሪካ የነጻ ሰዎች ሁሉ ስም የተመዘገበው ከ1850 ጀምሮ ነው፤ የዚያ ዓመት የሙያ ዓምድ ከ15 ዓመት በላይ ለሆኑ ወንዶች ነበር። የ1880 እና የ1900 ቆጠራዎች በዓመቱ ስንት ወር ሥራ ፈትቶ እንደነበረ ይጠይቃሉ። ለቤት ሠሪ አናጢ ሦስትና አራት ወር ቢያገኙ አይደንግጡ፤ በብርዱ ወራት ግንባታ ስለሚቀዘቅዝ ነው። የ1890ው ቆጠራ አብዛኛው በጃንዋሪ 1921 ዋሺንግተን ውስጥ በደረሰ ቃጠሎ ተጎድቶ በኋላም ተወግዷል። ያንን የሃያ ዓመት ክፍተት የሚሞላው ዳይሬክተሪ ነው፤ ስለዚህ ከ1881 እስከ 1899 ያሉትን እትሞች በተለየ ትጋት ይሰብስቡ።

የእንግሊዝና የዌልስ የ1931ው ቆጠራ በ1942 ተቃጥሏል፤ በምትኩ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1939 የተደረገው ምዝገባ አለ። በአሜሪካ ለ20ኛው ክፍለ ዘመን የ1917 እና 1918 የወታደራዊ ምዝገባ ካርዶች የቀጣሪውን ስምና አድራሻ ስለሚጽፉ በየትኛው ፋብሪካ ይሠራ እንደነበረ በቀጥታ ይገኛል።

ሙያውን ከማን ተማረ?

በብሪታንያ ከ1710 እስከ 1811 በተለማማጅነት ውል ላይ ግብር ይከፈል ስለነበር መዝገቡ ለንደን ውስጥ በኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «አይ አር 1» በሚል ምድብ ተቀምጧል። የዋናውን ባለሙያ ስም፣ ሙያና ቦታ፣ የተለማማጁን ስምና የተከፈለውን ገንዘብ ያሳያል። የተለማማጁ አባት ስም የሚገኘው እስከ 1750ዎቹ መጀመሪያ ባሉት ላይ ነው። ግብሩ ዘግይቶም ይከፈል ስለነበር የመዝገቡ ቀን ውሉ ከጀመረ ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ተነሥተው ዕድሜ አያሰሉ።

መዝገቡ ውስጥ የማይገቡ አሉ፦ ያለ ክፍያ ከአባቱ የተማረ ልጅ፣ እና በደብር ወይም በበጎ አድራጎት ገንዘብ የተሰጠ ድሃ አደግ። ለሁለተኛው የደብሩን መዛግብት ይጠይቁ። ለንደን ውስጥ ከሆነ የሙያ ማኅበራቱን መዛግብት ያክሉ፤ የካርፔንተሮቹ፣ የጆይነሮቹና የተርነሮቹ ማኅበራት ለየብቻ ናቸው፤ አንድ ሰው ሌላ ሙያ ባለው ማኅበር ውስጥ አባል ሊሆንም ይችል ነበር። በአሜሪካ በብዙ ቦታ ዕጓለ ማውታን ለባለሙያ የሚሰጡት በፍርድ ቤት በኩል ስለነበር የካውንቲውን ፍርድ ቤት መዝገብ ይፈልጉ።

አያቴ በባርነት የተያዘ አናጢ ነበር። ዳይሬክተሪ ውስጥ የለም፤ ምን ላድርግ?

የ1850 እና የ1860 የባሪያ ቆጠራ ቅጾች በአብዛኛው ስም አይጽፉም፤ ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም የመሳሰሉትን ብቻ ይይዛሉ። ስሙና ሙያው አብረው የሚገኙት በባለቤቱ የውርስ ንብረት ዝርዝር፣ በሽያጭ ውልና በጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ነው። ባለ ሙያ ሰው ከፍ ያለ ዋጋ ስለሚሰጠው ሙያውን አይዘሉትም ነበር። ከነጻነት በኋላ፣ ከባርነት ለወጡ ሰዎች የተቋቋመው የፍሪድማንስ ባንክ የፊርማ መዝገቦች፣ ከ1865 እስከ 1874፣ ሥራንና ቀጣሪን ከቤተሰብ ስሞች ጋር ይይዛሉ።

ነጻ ጥቁር ባለሙያዎች በዳይሬክተሪ ውስጥ ሲገቡ በአንዳንድ ከተሞች በስማቸው ላይ ምልክት ይደረግ ነበር፣ በሌሎች ደግሞ በመጽሐፉ መጨረሻ ለብቻቸው ይዘረዘሩ ነበር። ዋናውን ዝርዝር አይተው «የለም» ከማለትዎ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ይግለጡ።

በአንድ ከተማ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት አናጢዎች አሉ። የኔው የትኛው ነው?

ሁለቱም በአንድ እትም አብረው የወጡበትን ዓመት ያግኙ። ከዚያ የእያንዳንዱን መኖሪያ አድራሻ እንደ ክር ይዘው ወደፊትም ወደኋላም ይከተሉ። ሙያና የሥራ ቦታ ቶሎ ይለዋወጣሉ፤ የመኖሪያ አድራሻ፣ የመካከለኛ ስም ፊደልና የሚስት ስም ይበልጥ ይጸናሉ። የሚስት ስም ከቆጠራ ወይም ከቤት ሽያጭ ውል ይገኛል።

«ጁኒየር» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ይያዙት። በድሮ መዛግብት ትርጉሙ በዚያ ከተማ ካሉት ሁለት ሰዎች በዕድሜ ታናሹ ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ አጎትና የወንድም ልጅ፣ ወይም ጭራሽ የማይዛመዱ ሊሆኑ ይችላሉ። ታላቁ ሲሞት ወይም ከተማ ሲለቅ ደግሞ ቃሉ ከታናሹ ስም ላይ ይወርዳል። «ጁኒየር» የጠፋበት ዓመት ለአባትየው መሞት ጥሩ ፍንጭ ነው፤ በዚያው መጠን ልጁን አባቱ አድርጎ ለመቁጠርም የተመቸ ወጥመድ ነው።

የወርክሾፑን አድራሻ ዛሬ ካርታ ላይ ስፈልገው ሌላ ቦታ ይወስደኛል። ለምን?

የቤት ቁጥሮች ተቀይረው ይሆናል። ቺካጎ በ1909 አብዛኛውን ከተማ እንደገና ቆጥራለች፤ ፊላደልፊያም በ1850ዎቹ እንዲሁ። በለንደን ብዙ መንገዶች ስማቸው ተለውጧል። ለውጡ በተደረገበት ዓመት አካባቢ የድሮና የአዲስ ቁጥር ማነጻጸሪያ ታትሞ እንደሆነ የከተማውን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። ከሌለ የመንገዱን ዝርዝር ተጠቅመው በየትኞቹ ሁለት መገናኛ መንገዶች መካከል እንደነበረ ይወስኑ፤ ይህ በቁጥር ለውጥ አይነካም።

ከዚያ የሳንቦርን የእሳት ኢንሹራንስ ካርታዎችን ይክፈቱ፤ ድርጅቱ በ1867 የተቋቋመ ሲሆን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በርካቶቹን በነጻ አስቀምጧል። ሮዝ ቀለም ጡብ፣ ቢጫ የእንጨት ሕንፃ ነው። እንጨት ሥራ ለእሳት የቀረበ በመሆኑ ካርታ ሠሪዎቹ ወርክሾፖችን በጥንቃቄ ይጽፉ ነበር፤ የእንፋሎት ሞተሩና የማሞቂያ ምድጃው የት እንዳለ ሳይቀር።

ሥራውን በድንገት ያቆመው ለምን ይሆን?

ለብሪታንያ የመንግሥቱን ይፋዊ ጋዜጣ፣ የለንደን ጋዜጥን፣ በስም ይፈልጉ፤ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል። የሽርክና መፍረስና የኪሳራ ማስታወቂያዎች እዚያ ይወጣሉ። ዕዳ መክፈል ያቃታቸው ሰዎች ማስታወቂያ በተለይ ጠቃሚ ነው፦ «ቀድሞ በዚህ መንገድ፣ ከዚያ በዚያኛው፣ አናጢና ቢራ ሻጭ» እያለ ያለፉ አድራሻዎችንና ሥራዎችን በሰልፍ ይዘረዝራል።

ለአሜሪካ በ1841 የተመሠረተው የመርካንታይል ኤጀንሲ፣ በኋላ አር ጂ ደን የተባለው፣ ስለ ነጋዴዎች ብድር ታማኝነት የጻፋቸው መዝገቦች በሃርቫርድ ቤከር ላይብረሪ ይገኛሉ። ጽሑፉ የእጅና ብዙ የሚያሳጥር ነው፤ ይዘቱ ግን ምሕረት የለሽ ነው፣ ጠጪ ከሆነ ጠጪ ይላል። ከሞተ በኋላ የተደረገው የንብረት ቆጠራ ደግሞ ወርክሾፑን ያሳያል፤ ሦስት የሥራ ጠረጴዛ ካለ ሦስት ሰው ይሠራበት ነበር ብሎ መገመት ይቻላል፤ ቶርኖ፣ የማሆጋኒ ልባስና ያላለቀ ወንበር ካለ ምን ይሠራ እንደነበረ ያውቃሉ። በእንግሊዝ እንዲህ ያለ ዝርዝር ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ይሳሳል፤ በአሜሪካ ግን ይቀጥላል።

በወረስነው የእንጨት መላጊያ ላይ ስም ታትሟል። የአያቴ ቀጣሪ ነው?

በአንድ መላጊያ ላይ ሦስት ዓይነት ስም ሊኖር ይችላል። የሠሪው ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ በፊተኛው ጫፍ መካከል ላይ ነው፤ ተለቅ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ጥርስ ጥርስ ያለው ጠርዝና የከተማ ስም ያለበት። የሻጩም ማኅተም ሊመስለው ይችላል፤ ስሙን በዳይሬክተሪ ሲፈልጉ «ሃርድዌር» ከተባለ ነጋዴ ነው፣ «ፕሌን ሜከር» ከተባለ ሠሪ ነው። የባለቤቱ ማኅተም ደቃቅ ነው፣ የከተማ ስም የለውም፣ እንዳይሰረቅ ሲል ደጋግሞ የመታውም ይሆናል። የሁለትና የሦስት ባለቤት ስም መኖሩ የተለመደ ነው፤ መሣሪያ ከሟች ወደ ወጣት ይሸጥ ነበርና። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማኅተሞች ላይ «ጄ» በ«አይ» ፊደል ይጻፍ ስለነበር በ«አይ» የሚጀምር ስም ሲያገኙ በ«ጄ»ም ይፈልጉ።

ማኅተሙ የመንገድ አድራሻ ካለው ዕድለኛ ነዎት፦ ሠሪው በዚያ አድራሻ የተመዘገበባቸውን የመጀመሪያና የመጨረሻ እትሞች ያግኙ፤ መላጊያው የተሠራው በግምት በዚያ መካከል ነው። አያትዎ ያኔ ገና ሕፃን ከነበረ መሣሪያውን የገዛው ከሌላ ሰው ነው፤ ከእሱ ስም ቀድሞ የታተመውን የባለቤት ስም በአያትዎ የወጣትነት ዘመን እትሞች ላይ ይፈልጉት። በአንድ የሥራ አድራሻ ከተገናኙ ያስተማረው ወይም የቀጠረው ሰው ሊሆን ይችላልና የተለማማጅነትና የውርስ መዛግብቱን በዚያ ስም እንደገና ይፈትሹ።